ጥንታዊ ነውን፣ ወይስ ያረጀ? በቤት ዕቃ ማስቀመጫዎች ስያሜና አመራረጥ ላይ የቀረበ ሒስ

የቤት ዕቃ ሊገዛ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ የሚመርጠው ቃል ነው። ዕቃውን በእጁ ሳይዳስስና ዋጋውን ሳይነጋገር «ምን ፈልገው ነው?» የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ስም ነው። ስሙ የጠራ እንደ ሆነ ምርጫው ይጠራል፤ የደፈረሰ እንደ ሆነ ግን ሻጭና ገዥ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እያሰቡ በአንድ ዋጋ ይስማማሉ። ይህ በማናቸውም ዕቃ ላይ ሊደርስ የሚችል ቢሆንም፣ ከቀደመ ዘመን ቆይተው በመጡ የልብስና የዕቃ ማስቀመጫዎች ላይ ይብሳል። ምክንያቱም የነዚህን ዕቃዎች ዋጋ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች፣ ማለት የዕቃው ዓይነትና የዕቃው ዕድሜ፣ በአማርኛችን የሚጠሩት ገና በቅጡ ባልተለዩ ቃላት ነው።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአንድ ቤት የአያት ሣጥን «አሮጌ» ተብሎ ለቆራሌው ይሰጣል፤ በሌላ ቤት ደግሞ ባለፈው ወር ተሠርቶ ጥቁር ቫርኒሽ የተቀባ ሣጥን «ጥንታዊ» ተብሎ በውድ ዋጋ ይገባል። የመጀመሪያው ቤት ያጣው ተመልሶ የማይገኝ ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው ያጣው ገንዘብ ነው። ሁለቱን ያሳሳታቸው ግን አንድ ጉድለት ነው፤ ይኸውም የዕድሜን ቃል ከመልክ ቃል አለመለየት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ይህንኑ ጉድለትና የእርሱን መንትያ፣ ማለት የዕቃዎቹን ስም ማደበላለቅን ነው። ነቀፌታችን የሚመለከተውም የገበያውን ሰው ብቻ ሳይሆን ተርጓሚውንና የመዝገበ ቃላት አዘጋጁን ጭምር ነው።

፩. ነባሩ አሰያየም

አማርኛ የዕቃ ማስቀመጫዎችን የሰየመው በዘፈቀደ አይደለም። ስልቻና አቅማዳ ከቆዳ የተሠሩና አፋቸው በጠፍር የሚታሰር ናቸው። ሙዳይ ከስንደዶና ከአክርማ ተሰፍቶ በክዳን የሚገጠም ትንሽ ማስቀመጫ ነው። አገልግል በቆዳ ተለብጦ ለመንገድ ምግብ መያዣ የሚሆን ባለክዳን ነው። ማኅደር መጽሐፍ የሚከተትበት የቆዳ መያዣ ነው። ጎታ ከጭቃና ከጭድ ተሠርቶ በቤት ውስጥ የሚቆም የእህል ማከማቻ ሲሆን፣ ጎተራ ከደጅ የሚቆመው ነው። ሙዳየ ምጽዋት ደግሞ ተከድኖና ተቈልፎ በላዩ ባለው ጠባብ ቀዳዳ ብቻ የሚቀበል ነው። ከነዚህ ስሞች አንዱን ሰምቶ ዕቃው በምን እንደ ተሠራና አፉ በየት በኩል እንደሚከፈት የማይገነዘብ ባላገር አይገኝም።

ከዚህ ዝርዝር አንድ ሕግ እናወጣለን። የዕቃ ማስቀመጫ ስም በዋናነት የሚቆመው በአፉ ላይ ነው፤ የሚታሰር ነው፣ የሚከደን ነው፣ ወይስ የሚቈለፍ? የሚቀመጥበት ነገር ሊለዋወጥ ይችላል። ሙዳይ ወርቅም ቢይዝ ጥጥም ቢይዝ ሙዳይነቱን አይተውም። አፉን የለወጠ ዕቃ ግን ስሙን ለውጧል።

የመዝገበ ቃላት ፍች ይህን ሕግ ሲዘነጋ ይላላል። ሣጥን «የዕቃ ማስቀመጫ»፣ ቁም ሣጥን «የልብስ ማስቀመጫ»፣ ቡፌ «የሳሕን ማስቀመጫ»፣ ኮሞዲኖ «የትናንሽ ዕቃ ማስቀመጫ» ተብለው ቢፈቱ፣ አራቱም ፍቾች ሐሰት አይደሉም፤ ነገር ግን አንዱም ሥራውን አልፈጸመም። ፍች የሚፈተነው የሚፈታውን ነገር ከጎረቤቱ በመለየቱ ነው። ልብስ በሣጥንም፣ በሻንጣም፣ በገመድ ላይም ይቀመጣል። «የልብስ ማስቀመጫ» የሚለውን ፍች ያነበበ የሩቅ አገር ሰው ከነዚህ መካከል ቁም ሣጥኑ የትኛው እንደ ሆነ ሊለይ አይችልም።

፪. ሣጥን፣ ቁም ሣጥን፣ ቡፌና ኮሞዲኖ

ሣጥን ከላይ በክዳን የሚከፈት ነው። ይህ ቅርጽ በብዙ አገር የቤት ዕቃ ሁሉ አባት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኢጣሊያ የፍሎሬንስ ሀብታሞች ከ14ኛው እስከ 16ኛው ምዕተ ዓመት ለሙሽሮች የሚያሠሩት ካሶኔ የተባለው ባለሥዕል ሣጥን የዚሁ ወገን ነው። ሣጥን ግን አንድ የታወቀ ችግር አለው፤ ከሥር ያለውን ለማውጣት ከላይ ያለውን ሁሉ ማንሣት ያስፈልጋል።

ቁም ሣጥን የሚለውን ጥምር ቃል ከመልካም ስያሜዎች እንቈጥረዋለን። «ቁም» በቁም ጽሕፈት፣ በቁም እስር፣ በቁም ነገር ውስጥ የምናውቀው ነው። ሣጥኑ ከተጋደመበት ተነሥቶ ቆመ፤ ሲቆም ክዳኑ ወደ ፊት ዞሮ መዝጊያ ሆነ። በሁለት አጫጭር ቃላት የዕቃው ታሪክ ተነገረ ማለት ነው። ፈረንሳዮች አርሟር የሚሉትን ስም ያገኙት አርማሪዩም ከተባለ የላቲን ቃል ሲሆን፣ እርሱም በመጀመሪያ የመሣሪያ ማኖሪያ ማለት ነበር። የእኛው ስም ከቅርጹ በመነሣቱ ከዚህ ይልቅ ግልጽ ነው። የምንነቅፈው ስሙን ሳይሆን፣ ተርጓሚዎች ግድግዳ ተጠግቶ የቆመውን ዕቃ ሁሉ ቁም ሣጥን ማለታቸውን ነው።

ቡፌ ከፈረንሳይኛ የመጣ የውሰት ቃል ነው። በብዙ ቤት ሳሎን ውስጥ የሚቆመውና ስኒና ብርጭቆ በመስተዋቱ ውስጥ የሚታይበት ዕቃ በዚህ ስም ይጠራል። ቃሉ ሰው ራሱ እያነሣ የሚበላውን የግብዣ ማዕድም ያመለክታል። ሁለቱ ፍቾች ባዕዳን አይደሉም፤ ምግቡ የሚደረደረው በዕቃው ላይ ስለ ነበር ስሙ ከዕቃው ወደ ማዕዱ ተሻገረ። ስለዚህ በመዝገበ ቃላት በአንድ መነሻ ቃል ሥር በተራ ቁጥር ተለይተው መጻፍ ይገባቸዋል።

ኮሞዲኖ የኢጣሊያንኛ ነው። ኢጣሊያኖች በርካታ መሳቢያ ያለውን ትልቁን ዕቃ ካሴቶኔ ወይም ኮሞ ይሉታል፤ ከአልጋ ራስጌ የሚቆመውን ትንሹን ደግሞ ኮሞዲኖ ይሉታል። እኛ ዘንድ ገብቶ የጸናው የትንሹ ስም ብቻ ነው። ትልቁ ዕቃ ራሱ ወደ ቤታችን ቢገባም ስሙ በደጅ ቀረ። የዚህ ሒስ ዋና ነጥብ አንዱ ይህ ነው፤ ከላይ እስከ ታች መሳቢያ ብቻ ያለው ዕቃ በአማርኛ የረጋ ስም የለውም።

፫. ስም ያልረጋለት ዕቃ

ስም ያጣው ዕቃ ተራ ዕቃ አይደለም። የሣጥንን ችግር የፈታ ነው። በአውሮፓ ሠሪዎች በመጀመሪያ ከሣጥኑ ሥር አንድ ወይም ሁለት መሳቢያ ጨመሩ፤ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በእንግሊዝ አገር ሁለንተናው መሳቢያ የሆነው ዕቃ ተስፋፋ። በፈረንሳይ የንጉሥ ሉዊ 14ኛ የቤት ዕቃ ሠሪ አንድሬ ሻርል ቡል በ1708 እና በ1709 እ.ኤ.አ. ለግራን ትሪያኖን ቤተ መንግሥት ሁለት ዕቃዎችን አቀረበ፤ እነዚህም ኮሞድ የተባለው ዓይነት ከቀደሙት የታወቁ ምሳሌዎች ይቈጠራሉ። ኮሞድ ማለት «አመቺ» ማለት ነው፤ ከሥር ያለውን ለማውጣት ከላይ ያለውን ማንሣት ቀርቷልና።

ይህን ዕቃ በአማርኛ ለመጥራት የሚቀርቡትን አማራጮች አንድ በአንድ እንመርምር።

የመጀመሪያው «ድሬሰር» ብሎ ከእንግሊዝኛ በቀጥታ መዋስ ነው። ይህ ቃል በራሱ አገር እንኳ አልተስማማም። በብሪታንያ ድሬሰር ከላይ ክፍት መደርደሪያ፣ ከታች መሳቢያና መዝጊያ ያለው የወጥ ቤት የሳሕን ማስቀመጫ ነው፤ በአሜሪካ ግን የመኝታ ቤት ባለመሳቢያ ነው። የቃሉ መነሻ ማሰናዳት፣ ማደራጀት የሚል ትርጉም ያለው የፈረንሳይኛ ግሥ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተሰናዳውም ምግብ ነበር። ተርጓሚው ቃሉን ከልብስ መልበስ ጋር ብቻ አያይዞ «የልብስ ማስቀመጫ» ቢለው፣ በእንግሊዝ ልብ ወለድ ውስጥ ያለችው ባልቴት ሳሕኖቿን ከልብሶቿ ጋር ስትደረድር ትገኛለች።

ሁለተኛው «ኮሞድ» ነው። ይህም በእንግሊዝኛ ከጊዜ በኋላ እኛ ፖፖ የምንለውን ዕቃ ለሚሸሽግ ወንበር የጨዋ ስም ሆኗል። የሁለት ቋንቋ አንባቢ በበዛበት ዘመን እንዲህ ያለውን ስም ወደ መኝታ ቤት ማስገባት ለፌዝ በር መክፈት ነው።

ሦስተኛው «ሣጥነ መሳቢያ» የሚል የግእዝ አካሄድ ያለው ጥምር ነው። ቤተ መጻሕፍትና ሙዳየ ምጽዋት ያማሩት ሁለቱም ክፍሎቻቸው ከግእዙ ጋር ስለሚሄዱ ነው። መሳቢያ ግን «ሳበ» ከሚለው ግሥ የወጣ፣ ዕለት ዕለት በአናጢ አፍ የሚገኝ አማርኛ ነው። የዕለት ቃልን በግእዝ ዘርፍ ማስጌጥ ዕቃውን አያከብረውም፤ ተናጋሪውን ያሸሸዋል።

አራተኛው «ባለመሳቢያ ሣጥን» ነው። ባለሱቅ፣ ባለክዳን፣ ባለሦስት እግር እንደሚባለው ሁሉ ይህ አሠራር ለማንም አይከብድም። ቁጥርም ይቀበላል፤ ባለአራት መሳቢያ ሣጥን፣ ባለስድስት መሳቢያ ሣጥን እየተባለ ይነገራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በነባሩ ሕግ መሠረት ዕቃውን በአፉ ይጠራዋል። «ባለመሳቢያ» ብቻ ቢባል መሳቢያ ያለው ጠረጴዛም ስለሚገባበት «ሣጥን» የሚለው አይቅር። ሣጥን የሬሳ ሣጥንን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይሁን እንጂ የፖስታ ሣጥንና የገንዘብ ሣጥን፣ ቁም ሣጥንም ራሱ፣ ከዚያ ስም ጋር በሰላም ሲኖሩ ኖረዋል። ስለዚህ አራተኛውን እንመርጣለን።

የስም ጥራት ከገበያ አልፎ የሰው ሕይወት የሚነካበት ጊዜም አለ። መሳቢያዎቹ ሁሉ በአንድነት ሲከፈቱ ወይም ሕፃን ሲንጠላጠልባቸው ባለመሳቢያ ሣጥን ወደ ፊት ሊወድቅ ይችላል። በአሜሪካ ይህን አደጋ ለመከላከል በ2022 እ.ኤ.አ. ሕግ ወጣ፤ በ2023ም አስገዳጅ የደኅንነት ደረጃ ተከተለ። ደረጃው በልማድ ስሞች ላይ አልተመሠረተም፤ የልብስ ማከማቻ የሚል አንድ ጥቅል ስያሜ ወስዶ፣ ከሌሎች መለያዎች ጋር የ27 ኢንች፣ ማለት የ68 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል፣ ዝቅተኛ ቁመት ወስኖለታል። ሕጉ በአንድ የልማድ ስም ብቻ ቢታሰር ኖሮ፣ ያው ዕቃ በሌላ ስም እየተሸጠ ከሕጉ ባመለጠ ነበር። ፍች ማለት እንግዲህ አጥር ነው፤ አጥሩ በሳሳበት በኩል ጉዳት ይገባል።

፬. የዕድሜ ቃላት

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉድለት እንሻገር። ዘመን የቆጠረን ዕቃ ለመጥራት አሮጌ፣ ያገለገለ፣ የቆየ፣ የድሮ፣ ጥንታዊ፣ ቅርስ የሚሉ ቃላት አሉን፤ በገበያም አንቲክ የሚለው ታክሎባቸዋል። ብዛታቸው ሀብት ነው፤ በየቦታቸው አለመግባታቸው ግን ድህነት ነው።

አሮጌ የሚናገረው ስለ ዕቃው ሁኔታ ነው። ማለቁን፣ መላላቱን፣ ከጥቅም መውጣቱን ያመለክታል። የአምስት ዓመት ዕቃ አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ የመቶ ዓመት ሣጥንም ተጠብቆ ከኖረ አሮጌ ላይባል ይችላል። ያገለገለ የሚናገረው ስለ ባለቤትነት ነው፤ ዕቃው ከዚህ ቀደም በሌላ ሰው እጅ እንደ ነበረ ብቻ ይገልጻል። የቆየ ስለ ጊዜ ይናገራል፤ ልኩን ግን አይወስንም። የድሮ በተናጋሪው ትዝታ የሚለካ ነው፤ ለወጣቱ የድሮ የሆነው ለአያቱ የትናንት ነው።

ጥንታዊ የሚለው ቃል ሩቅ ነው። ጥንታዊ ግብፅ፣ ጥንታዊ አክሱም ስንል የምናስበው የሺህ ዓመታትን ርቀት ነው። ይህን ቃል በ1920ዎቹ ለተሠራ ቁም ሣጥን መስጠት ሁለት በደል ያደርሳል፤ ለቁም ሣጥኑ የሌለውን ክብር ይሰጠዋል፤ ከአክሱም ደግሞ የነበረውን ርቀት ይቀንሳል። አንቲክ የሚለው የገበያ ቃል ከዚህ አይሻልም። በአንዳንድ ሻጭ አፍ የዕቃውን ዕድሜ ሳይሆን የቀለሙን ዓይነት ያመለክታል፤ አንቲክ ማለት ጠቆር ያለና ያጌጠ ማለት ይሆናል። እንዲህ ሲሆን አዲስ ዕቃ በአንድ ቀን አንቲክ ሊሆን ነው።

ቅርስ ከሁሉ የከበደ ቃል ነው፤ በሕግም የታሰረ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ስለሚንቀሳቀስና ስለማይንቀሳቀስ ቅርስ ደንግጓል፤ ቅርስን ከአገር ማውጣትንም በፈቃድ ወስኗል። ስለዚህ ሻጭ ለማሞገስ ብሎ ለማንኛውም ሣጥን «ቅርስ ነው» ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። ቃሉ በየመደብሩ ሲረክስ፣ ቅርስ የሆነው ዕቃ በእርግጥ ሲገኝ የሚጠራበት ስም ያጣል።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ በቁጥር ለመቍረጥ ሞክረዋል። የአሜሪካ የ1930 እ.ኤ.አ. የቀረጥ ሕግ ከ1830 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራውን ዕቃ ለይቶ ነበር፤ በ1966 እ.ኤ.አ. ግን በቋሚ ዓመት ፈንታ የ100 ዓመት ዕድሜ ተተካ። ብዙ መንግሥታት የሚሠሩበት ዓለም አቀፍ የጉምሩክ ዕቃዎች ምደባም ከ100 ዓመት በላይ የሆናቸውን ዕቃዎች በቁጥር 97.06 ለብቻቸው አስፍሯል። ቁጥሩ የሰው ውሳኔ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ የ99 ዓመት ዕቃ ከ101 ዓመቱ በምንም ላያንስ ይችላል። ይሁን እንጂ ቁጥር አንድ ጠባይ አለው፤ ማስረጃ ይጠይቃል። «ጥንታዊ» የሚል ሻጭ ምንም አይጠየቅም፤ «ከመቶ ዓመት በላይ ነው» የሚል ሻጭ ግን «በምን አወቅህ?» ይባላል።

ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ አማርኛ ዝግጁ ቃል አለው። ዕድሜ ጠገብ ዛፍ፣ ዕድሜ ጠገብ ሕንፃ እንላለን። ዕድሜ ጠገብ የሚለው አነጋገር ማርጀትን ከመድከም ጋር አያያይዝም፤ ዘመን መቍጠርን ከጽናት ጋር ያስተባብራል። ከመቶ ዓመት በላይ ለሆነው የቤት ዕቃ ይህን ስም ብንመድብ፣ አዲስ ቃል ሳንፈጥር የነበረንን ቃል ወሰን ሰጠነው ማለት ነው። ከዚያ በታች ላለው «የቆየ» ይበቃዋል፤ ዓመቱም ይጨመርበት። የቀደመውን መልክ ተከትሎ በቅርብ ለተሠራው «ድሮ መሰል» የሚለው ስም ሐቀኛ ነው። ድሮ መሰል መሆን ነውር አይደለም፤ ነውሩ ስሙን መሸሸግ ነው።

፭. ዕድሜ በምን ይታወቃል?

ዕድሜ ጠገብ የሚለው ቃል ማስረጃ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ገዥው ማስረጃውን የሚያነብበት ቃላት ያስፈልጉታል። የመጀመሪያው ምስክር የመሳቢያው ማዕዘን ነው። የመሳቢያው ፊትና ጎን የሚያያዙት እየሰፋ በሚሄድ ጥርስ ነው። እንግሊዞች ይህን አያያዝ በእርግብ ጭራ፣ ፈረንሳዮች፣ ጀርመኖችና ኢጣሊያኖች ደግሞ በጨረባ ወፍ ጭራ ይጠሩታል። እኛ የማንንም ወፍ ሳንዋስ «ሰፊ ጫፍ ጥርስ» ብንለው አናጢው ይረዳናል። በአውሮፓና በአሜሪካ ጥርሶቹ ጥቂትና ወጣ ገባ እንደ ሆኑ በእጅ ተቈርጠዋል፤ ሁሉም አንድ ልክ እንደ ሆኑ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ የመጣው መኪና ሥራ ነው ይባላል።

በዚህ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እናክላለን። የውጭ መመሪያዎች የሚሰጧቸው ምልክቶች የመኪናን ታሪክ የሚከተሉ ናቸው፤ መኪና በገባበት አገርና ዘመን ብቻ ይሠራሉ። በመጋዝና በመሮ የሚሠራ አናጢ ዛሬም ባለበት አገር፣ በእጅ የተቈረጠ ጥርስ የዕድሜ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ሣጥኑ የዘንድሮ ሊሆን ይችላልና። የባዕድ ምልክትን ሳይመረምሩ መተርጐም የባዕድ ቃልን ሳይመረምሩ ከመዋስ የከፋ ነው።

ሁለተኛው ምስክር አናጢዎች ቪቴ የሚሉት የዕንጨት ብሎን ነው። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በፊት የነበረው ጫፉ ደንዳና ነበር፤ ሹሉ ከዚያ ወዲህ ተስፋፋ። አናቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ደግሞ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ቪቴ ቢገኝ ዕቃው ሁሉ አዲስ ነው ማለት አይደለም፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተጠግኗል ማለት ነው። ሦስተኛው ምስክር ጀርባው ነው። ፊቱ ዋንዛ ሆኖ ጀርባው ኮምፔንሳቶ፣ ወይም መደቡ ቺፕውድ የሆነ ዕቃ ስለ ዘመኑ ራሱ ተናግሯል፤ ቺፕውድ ለገበያ የደረሰው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ነውና።

አራተኛውና ከሁሉም አገር የሚሠራው ምስክር ድካም ነው። መሳቢያ ለዓመታት ሲሳብ የታችኛው ጠርዙ ይበላል፤ የሚሄድበትም ሐዲድ ይጐደጕዳል። እጅ የሚነካው ቦታ ይለሰልሳል፤ እጅ የማይደርስበት ሻካራ ሆኖ ይኖራል። ድሮ መሰል ሠሪ ግን ድካሙን በሁሉም በኩል እኩል ያደርገዋል፤ እጅ በማይደርስበት ሥፍራ ጭምር ይሞርደዋል። እጀታው ከተለወጠም የቀድሞው ቀዳዳ ከውስጥ በኩል ይታያል።

አምስተኛው የሁለት ዕቃ መዳበል ነው። ላይኛው መደርደሪያ ከአንድ ቤት፣ ታችኛው ባለመሳቢያ ከሌላ ቤት መጥቶ አንድ ዕቃ ተብሎ ይሸጣል። የእንግሊዝ ነጋዴዎች ይህን «የተጋባ» ይሉታል። በአማርኛ ጋብቻ ምስጋና እንጂ ነቀፌታ ስላልሆነ፣ «የተዳበለ» የሚለው ይሻላል። የተዳበለ ዕቃ የዕንጨቱ ቀለምና የጀርባው ጣውላ ላይና ታቹ አይስማማም።

፮. ለቤት የሚሆነው የቱ ነው?

ስሙና ዕድሜው ከታወቀ በኋላ የቤቱ ጥያቄ ይቀራል። እዚህም ላይ ምርጫው በዕቃው አፍ ይመራ እንላለን። በመስቀያ የሚንጠለጠል ኮት በቁም ሣጥን ሳይታጠፍ እንዲቀመጥ ከ55 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የውስጥ ጥልቀት ይፈልጋል፤ ዕድሜ ጠገብ ቁም ሣጥን አንዳንድ ጊዜ ከዚህ ያንሳል፤ ለመንጠቆ እንጂ ለዛሬው መስቀያ አልተሠራምና። ጋቢና ቡልኮ፣ ጥልፍ የበዛበትም ቀሚስ፣ ከሚንጠለጠሉ ይልቅ ተጋድመው ቢቀመጡ ክብደታቸው ክራቸውን አያላላውም፤ ለነዚህ ሣጥን ይሻላል። በየዕለቱ የሚነሣው ትናንሽ ልብስ ለባለመሳቢያ ነው። ገዥው የዕቃውን ልክ ብቻ ሳይሆን የደጃፉንና የደረጃውን ልክ ይዞ ይሂድ።

ከመግዛት በፊት ነቀዝ መፈተሽ አለበት። ቀዳዳ ብቻ መኖሩ አያስፈራም፤ ከሥሩ ትኩስ ዱቄት የሚፈስ ከሆነ ግን ተባዩ በሕይወት አለ። የሚያስቸግር መሳቢያ ከሐዲዱ ሰም ሲቀባ ብዙ ጊዜ ይታረቃል፤ ስለዚህ በዚህ ብቻ አይናቅ። በቀለም የተቀባ የቆየ ዕቃ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግ፤ በቀለሙ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በአሜሪካ እንኳ እርሳስ ያለበት ቀለም ለቤትና ለቤት ዕቃ የታገደው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ሕፃን ባለበት ቤት ባለመሳቢያው ከግድግዳ ጋር ይታሰር፤ ዕድሜ ጠገብነቱ ከመውደቅ አያግደውም።

የተወረሰ ሣጥን ያለው ቤት ደግሞ ለቆራሌው ከመስጠቱ በፊት አንድ ሥራ ቢሠራ መልካም ነው። ማን አሠራው፣ የት፣ በምን ዕንጨት፣ ለየትኛው ሰርግ የሚሉትን ከሽማግሌዎች ጠይቆ በወረቀት ጽፎ በክዳኑ ውስጥ ያኑር። የአገራችን አናጢ በሥራው ላይ ስሙንና ዓመቱን የማስፈር ልማዱ ስላልበዛ፣ የቤተ ሰብ ቃል ዋነኛው ሰነድ ነው። ሽማግሌው ሲያልፍ ሰነዱ አብሮ ያልፋል፤ ሣጥኑም ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጌ ብቻ ይሆናል።

፯. የውሳኔ ሐሳብ

ከላይ በቀረቡት ምክንያቶች የሚከተሉትን ፍቾች ለውይይት እናቀርባለን።

ሣጥን፦ ከጣውላ ወይም ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ከላይ በክዳን የሚከፈት ማስቀመጫ።

ቁም ሣጥን፦ ቁመቱ ከጥልቀቱ እጅግ የሚበልጥ፣ ከፊት በማጠፊያ በሚዞር መዝጊያ የሚከፈት፣ በተለይ ለልብስ የሚሆን ማስቀመጫ።

ባለመሳቢያ ሣጥን፦ ክዳንና መዝጊያ የሌለው፣ ከፊት በሚሳቡ ተደራራቢ መሳቢያዎች ብቻ የሚከፈት ማስቀመጫ።

ኮሞዲኖ፦ ከአልጋ ራስጌ የሚቆም፣ መሳቢያ ወይም መዝጊያ ያለው ትንሽ ማስቀመጫ።

ቡፌ፦ 1. በሳሎን የሚቆም፣ የገበታና የቡና ዕቃ በመስተዋት ውስጥ የሚደረደርበት ማስቀመጫ። 2. ተጋባዥ ራሱ እያነሣ የሚበላው ማዕድ።

ዕድሜ ጠገብ (ዕቃ)፦ ከተሠራ 100 ዓመት ያለፈው መሆኑ በአሠራሩ ወይም በሰነድ የተመሰከረለት።

ድሮ መሰል፦ የቀደመ ዘመንን መልክ ተከትሎ በቅርብ ጊዜ የተሠራ።

የተዳበለ፦ ከሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ክፍሎች ተገጣጥሞ እንደ አንድ የቆመ።

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባላል። እነዚህ ፍቾችም በመጨረሻ የሚጸኑት መዝገበ ቃላት ስለ ጻፋቸው ሳይሆን፣ አናጢውና የቤት እመቤቲቱ ሲቀበሏቸው ነው። ስለዚህ ከውሳኔ በፊት በየአናጢው ቤት የሚነገሩት የመሳቢያ፣ የማጠፊያ፣ የጥርስና የሐዲድ ቃላት እንዲሰበሰቡ እናሳስባለን። ኮላና ጣውላ ከኢጣሊያንኛ፣ መሮና መላጊያ ከነባሩ ወጥተው በአንድ አናጢ አፍ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ እርሱ አላጣላቸውም። የሚሰበስባቸው ሰው የትኛው ነባር፣ የትኛው ውሰት መሆኑን ሳያበላልጥ እንደ ተነገሩ ይመዝግብ፤ ማበላለጡ በኋላ፣ ዕቃው ፊት ለፊት ቆሞ የሚደረግ ሥራ ነው።